ሁለት ቀን በአውጫጭኝ መስክ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉን ያወቅኩ የመሰለኝም ያኔ ነው። ሶሲዮሎጂ ለሁለተኛ ዲግሪ እማር ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ልሰበስብ ወደ እናቴ አገር ወደ መንዝ ወጣሁና ከቀየት ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ያህል ርቆ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ መንደር ገባሁ። ስሙን አልጠራውም። የምነግራችሁ ሰዎች እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው፤ ቢያንስ አብዛኞቹ።

ርእሴ አውጫጭኝ ነበር። ለማታውቁት ልንገራችሁ። አንድ ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ አገሩ በሙሉ ከቄሱ እስከ ባልቴቷ አንድ መስክ ላይ ይቀመጣል። አጥፊው እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። መጀመሪያ ሁሉም መስቀል ይዞ ይምላል። ከዚያ ሽማግሌዎች በምሥጢር የመረጧቸው ጥቂት ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን ለዳኛው በጆሮው ሹክ ይሉታል። እነዚህን ሰዎች «ወፍ» ይሏቸዋል። ዳኛው «ወፍ ነገረችኝ» ይላል እንጂ የማንንም ስም አይጠራም። ወፍ የሆነ ሰው ምሥጢሩን ቢያወጣ «ዘሬ ይጥፋ» ብሎ የማለ ነውና እስከ መቃብሩ ዝም ይላል። ፖሊስ እስኪመጣ ምስክር በሚጠፋበት አገር ይህ ነገር አሁንም ይሠራል።

ያረፍኩት የእናቴ ወንድም ጋሽ ሽፈራው ቤት ነበር። እሳቸው የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ አውጫጭኝ ሲቀመጥም ዳኛው እሳቸው ናቸው። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ ሰው ሲናገር ግን እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። በደረስኩ በሳምንቱ አንድ ምሽት ምድጃው ዳር ተቀምጠን፣ «እስቲ ይኼ የምትማሪው ነገር ምን ይላል?» አሉኝ።

«ወንጀል ለማኅበረሰብ ጥቅም አለው ይላል፣ ጋሼ።»

ሳቁብኝ። «ይኼን ያሉት ሊቃውንት በሬ ተሰርቀው ያውቃሉ?»

ነገሩ ከነከነኝና አስተማሪ ሆኜ ቁጭ አልኩ። «ሰው እርስ በርሱ ሲናቆር ይኖራል፣ ጋሼ። አንዱ ወንጀል ሲሠራ ግን ሌላው ሁሉ አብሮ ይቆጣል። አብሮ ሲቆጣ እኛ እነማን እንደሆንን፣ ምን እንደማንፈቅድ ያስታውሳል። ቅጣቱ አጥፊውን ለማረም ብቻ አይደለም። ያላጠፉትን ያስተሳስራል።»

ጋሽ ሽፈራው በእንጨት ፍሙን ቆሰቆሱ። «የተቀጣው ሰው አጥፊው ባይሆንስ?»

«ለቲዎሪው ግድ የለውም» አልኩ፤ እየሳቅኩ። «ሕዝቡ ካመነ ሥራውን ይሠራል።»

እሳቸው አልሳቁም። እኔ ደግሞ መልሴ ብልጥ ስለመሰለኝ በኋላ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

አሁን ስለ ታሰው ልንገራችሁ። ታሰው ሸማኔ ነው፤ ከበግ ጠጉር ባና ይሠራል። ከመርሐቤቴ ቆላ ከመጣ ሃያ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ የሺ የምትባል ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። መንደሩ ብርድ በመጣ ቁጥር የእሱን ባና ይለብሳል፤ ከእሱ ጋር በአንድ ገበታ ለመቅረብ ግን ይጠየፋል። እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ ከዓመታት በፊት በአንድ የበግ ስርቆት ወፍ ሆኖ ነበር። ይህን ያወቅኩት ራሱ በአንድ ቃል አምልጦት ነው። ከዚያ ወዲያ አልለቀቅኩትም። ስምህ አይጻፍም አልኩ፤ ለትምህርት ነው አልኩ፤ ለመንኩ። እንደ መዥገር ተጣበቅኩበት ማለት ይቀላል።

በታኅሣሥ አንድ የገበያ ቀን፣ መንደሩ ባዶ ሲሆን፣ ከቀትር በኋላ ጋሽ ሽፈራው ቤት መጣ። «በሩን ዝጊው» አለኝ። ዘጋሁት። ያየውን ለዳኛው እንዴት እንደነገረ፣ ለምን እሱን እንደመረጡት፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንዴት እንዳጣ ተረከልኝ። «ዘመድ የለኝም፤ ለዚህ ነው ወፍ ያደረጉኝ» አለ። «ዘመድ የሌለው አያዳላም።» በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ደብተሬን ሞላሁት። ሁለት ሰዓት ያህል ከተቀመጥን በኋላ ከውጭ የሴት ጩኸት ሰማን። ታሰው በሩን በርግዶ ሮጠ፤ ተከተልኩት። ታች ሜዳ ላይ የደምሴ የገብስ ክምር ይነዳል።

ደምሴ የታች ቤቶቹ ትልቅ ሰው ነው፤ ክላሽ የታጠቁ ሁለት ጎረምሳ ልጆች አሉት። መንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብሎ በጓሳ ሣር አጨዳ ከተጣላ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ክምሩ አመድ ሳይሆን የደምሴ ልጆች «ላይ ቤቶች ናቸው!» ብለው ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። የዓመት ቀለብ ነው የነደደው። ያን ቀን ሰው ያልሞተው ጋሽ ሽፈራው ከገበያ እየሮጡ ደርሰው መሀል ስለገቡ ብቻ ነው። «ከነገ ወዲያ አውጫጭኝ ይቀመጣል» አሉ። «እስከዚያ ጥይት የተኮሰ አጥፊው እሱ ነው።»

ኀፍረቴን ልናገር፤ ደስ አለኝ። አውጫጭኝን በዓይኔ ላየው ነው!

መስኩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። በማለዳ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ፣ ከገደሉ ጉም እየወጣ ሰውን ግማሽ ይውጠዋል። ላይ ቤቶች በአንድ ወገን፣ ታች ቤቶች በሌላ ወገን ተቀመጡ፤ በመሀላቸው ሃያ እርምጃ ያህል ባዶ መሬት አለ። የሚሳደብ እንኳ የለም። ሁሉም ነጠላውንና ባናውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ማዶውን ያያል። የደምሴ ልጆች ጠመንጃቸውን እንዲያስቀምጡ ቄሱ ለምነው እምቢ ብለዋል። እንግዳም ቢሆን መማል አለበት ተብሎ እኔም መስቀሉን ይዤ ማልኩ፤ «ያየሁትን አልደብቅም፣ ያላየሁትን አልጨምርም።» ጣቶቼ በብርድ ብረቱ ላይ ተጣበቁ።

ከዚያ እያንዳንዱ ክምሩ በነደደበት ሰዓት የት እንደነበረ ተጠየቀ። ገበያ፣ ገበያ፣ ገበያ፣ ልቅሶ፣ ገበያ። የታሰው ተራ ደረሰ።

«የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። ሚስቴ ገበያ ነበረች።»

ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላየም። ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ «እኔ እሳት ልጭር ሄጄ ቤቱ ዝግ ነበር» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ሰው ሁሉ ግን ሰማ። ሃያ እርምጃው ባዶ መሬት ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። የሁለቱም ወገን ዓይን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ አንድ ቦታ ዞረ።

ለምን ያን ጊዜ አልተናገርሽም በሉኝ። ተመራማሪ የሚያጠናውን ነገር አይነካም የሚል ሕግ ተምሬ ነበር፤ ያ አንዱ ሰበቤ ነው። ያላገባች ሴት በዝግ ቤት ከባለትዳር ሰው ጋር ነበርኩ ማለት ምን እንደሚያመጣም አውቅ ነበር። ደግሞም የሽማግሌ ፍርድ ነው፤ ያጣራሉ ብዬ ራሴን ደለልኩ። ፈራሁ፤ ዋናው እሱ ነው።

ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ ወፎቹን አንድ በአንድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ አነጋገሩ። ጋሽ ሽፈራው ተመልሰው፣ «ወፍ ነገረችኝ፤ ነገ ይገለጻል» ብቻ አሉ። ስም አልተጠራም፤ አላስፈለገምም። ላይ ቤቶች ወደ ታች ቤቶች ቀረብ አሉ። የደምሴ ሚስት በሶ በጥብጣ ለላይ ቤት ባላንጣዋ አቀበለቻት። ሁለት ዓመት ሰላም ያልተባባሉ ወንዶች ከአንድ ቁና ቆሎ ይዘግናሉ። ከደምሴ ልጆች አንዱ ክላሹን አንግቶ የላይ ቤቱን ጎረምሳ ሲያስቅ አየሁት። ደብተሬን አውጥቼ «ትስስሩ ታደሰ!» ብዬ ጻፍኩ። አዎ፣ ከነቃለ አጋኖው። ከዚያ ቀና ስል ታሰውን አየሁት። ከየሺና ከልጆቹ ጋር ለብቻው ተቀምጧል፤ በዙሪያው ማንም የለም። ባዶው መሬት አሁን በእሱ ዙሪያ ሆኗል።

ጀምበር ሳትጠልቅ ጋሽ ሽፈራው ወደ ምንጩ ሲወርዱ ተከተልኳቸው።

«ጋሼ፣ ታሰው አይደለም ያቃጠለው።»

እጃቸውን ታጠቡ። «አውቃለሁ» አሉ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «እንዴት?»

«ከገበያ ስመለስ ጭሱን አይቼ ስሮጥ፣ እሱም ከእኔ ግቢ ሲሮጥ ወጣ። አንቺም ከኋላው። ክምሩ ሲለኮስ የት እንደነበረ ሳላውቅ እዚህ የተቀመጥኩ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ማነው ያቃጠለው?»

«አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም። ከላይ ቤት ከሆነ ደምሴ ይገድላል። ከታች ቤት ከሆነ ደግሞ፣ ላይ ቤቶች በሐሰት ተከሰስን ብለው ይነሳሉ። አንድ ሰው ሲሞት ሰባት ይከተላል፤ ይኼን አገር ከአንቺ በላይ አውቀዋለሁ። ታሰው ግን ዘመድ የለውም። የሚበቀልለት የለም። ዕቃውን ጭኖ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ አገር ይድናል።»

«ያልሠራውን ነው እኮ!»

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «ሕዝቡ ካመነ ሥራውን ይሠራል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ሁለት ሌሊት አሰብኩበት፣ ትርንጎ። ልክ ነሽ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያመመኝ ሙገሳ የለም። እሳቸው ክፉ ሰው ቢሆኑ ታሪኩ ይቀልለኝ ነበር። ግን አጎቴ በዕድሜያቸው ስንት ደም ያደረቁ ሰው ናቸው። ያጡት ንጹሑን አሳልፈው እንዲሰጡ የሚፈቅድላቸው ቃል ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ተሸክሜ አመጣሁላቸው።

ሌሊቱን መስኩ ላይ እሳት እየሞቅን አደርን። ዓይኔን አልከደንኩም።

በማግስቱ ጉሙ ሳይነሳ ቄሱ መስቀል ይዘው ቆሙ፤ ጋሽ ሽፈራው በትራቸውን ተደግፈው መሀል ገቡ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ያውቃል። አጥፊው ከተነገረ በኋላ እሳት የጫረለት፣ ውሃ የቀዳለት፣ የሞተ ልጁን የቀበረለት ሰው እንደ እሱ የተረገመ ይሆናል። የታሰው ትንሿ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛለች። ጋሽ ሽፈራው አፋቸውን ሲከፍቱ እግሬ ቀድሞኝ ተነሳሁ።

«ታሰው ያን ሰዓት ከእኔ ጋር ነበር!»

አንድ ሰው ሳቀ። የሺ ዞራ አየችኝ፤ አስተያየቷን አልረሳውም።

«የት?» አሉ ጋሽ ሽፈራው። ድምፃቸው አልተለወጠም።

«እርስዎ ቤት።»

«ምን ሲያደርግ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እውነቱን ብናገር፣ ታሰው የወፍን ምሥጢር ያወጣ መሐላ አፍራሽ ይሆናል። ያ ደግሞ ክምር ከማቃጠል ይብሳል፤ «ዘሬ ይጥፋ» ብሎ የማለው በልጆቹ ነው። ታሰውን አየሁት። ራሱን በጣም በጥቂቱ ነቀነቀ፤ ተይ ማለቱ ነው። ልጆቹ ከሚረገሙ ያላቃጠለውን ክምር አቃጠልክ ቢባል መርጧል። ለዚህ ነበር ቤቴ ነበርኩ ያለው።

ትናንት መስቀል ይዤ እንደማልኩ እያወቅኩ ዋሸሁ። «የአውጫጭኝን ምሥጢር ልሰርቅ ፈልጌ በሸማ ሥራ አሳብቤ ጠራሁት» አልኩ። «በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስለ ወፍ ጠየቅኩት፤ እምቢ አለኝ። ለመንኩት፣ አስፈራራሁት፤ እምቢ አለኝ። ጩኸቱ እስኪሰማ በሩን አልከፈትኩለትም። ስትጠረጥሩትም ያልተናገረው እኔን ላለማዋረድ ነው።»

ድምፅ ከሁለቱም ወገን ፈነዳ፤ ክምሩን የሚያስታውስ ጠፋ። ዘመድ የሌለው ሸማኔ ሳይሆን፣ ከከተማ መጥታ የአገር ምሥጢር የምትሰርቅ! የደምሴ ትልቁ ልጅ መጥቶ ደብተሬን ከእጄ ነጠቀኝ። «ይነበብ! እንግሊዝኛ የሚያውቅ መምህር ከቀየት ይምጣና ይነበብ!»

ታሰው ያለኝ ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ እዚያ ውስጥ ነው።

ጋሽ ሽፈራው እጃቸውን ዘረጉ። ልጁ ለአፍታ ካመነታ በኋላ ሰጣቸው። አንድ ሁለት ገጽ ገለጡ፤ እንግሊዝኛ እንደማያውቁ አውቃለሁ። ከዚያ ወደ እሳቱ ሄደው ወረወሩት። «የሰረቀችው ከእኛ ነው። ከዚህ መስክ አይወጣም» አሉ። የሦስት ወር ሥራዬ ነደደ። ሊቀጡኝ ይሁን ሊያድኑን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

ወደ እኔ ዞሩ። በቤታቸው የተቀበሉኝ እኚህ ሰው፣ በሕፃንነቴ በትከሻቸው ተሸክመው ለጥምቀት የወሰዱኝ እኚህ ሰው፣ በትራቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ «እሳት የጫረላት፣ ውሃ የቀዳላት፣ ቤቱ ያስገባት፣ እንደ እሷ ይሁን» አሉ።

«ይሁን!» አለ ሕዝቡ። ላይ ቤትም ታች ቤትም። ከሁለት ወገን ሳይሆን ከአንድ ጉሮሮ የወጣ ነው የመሰለኝ። ያጠናሁት ነገር ትክክል መሆኑን ያን ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁ፤ የሚያስፈራው ትክክል መሆኑ ነው።

ዕቃዬን እንኳ አላወጣሁም። በመንገዴ ላይ ከምንጩ የምትመለስ አንዲት ሴት አገኘኋት፤ አፌ ደርቆ ነበር። ስታየኝ እንስራዋን እንደተሸከመች ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ቀየት እስክደርስ ሁለት ሰዓት ተጓዝኩ፤ እየተጓዝኩ አለቀስኩ። ለራሴ አዝኜ አልነበረም። ታሰው ከነልጆቹ በቤቱ ቀርቷል፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ግን እዚያ መስክ ላይ ክምሩን ያቃጠለው ሰው ተቀምጦ «ይሁን» እንዳለ ማሰብ ማቆም አልቻልኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ርእሴን ቀየርኩ፤ መመረቂያዬን ስለ ሌላ ነገር ጻፍኩ። ዛሬ አስተምራለሁ። ወንጀል ለማኅበረሰብ ያለውን ጥቅም የሚያወሳው ምዕራፍ ሲደርስ አልዘለውም፤ ውሸት አይደለምና። ተማሪዎቼን ግን አንድ ጥያቄ እንዲያስቀድሙ አደርጋለሁ፤ የማን ልጅ ነው የሚከፍለው? ማኅበረሰብ ሲተሳሰር በገመዱ የታነቀው ማነው? ሰው አብሮ ሲቆጣ ደስ ይላል፤ ይሞቃል። እኔም ደብተሬን ይዤ ሞቆኝ ነበር። እናንተም ሰፈራችሁ፣ ቢሮአችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰው ሲዞር፣ ያ ሰው ዘመድ አለው ወይ ብላችሁ እዩ። ከሌለው ቆም በሉ።

በዚያው ዓመት በሰኔ፣ የበልጉ ገብስ ከተከመረ በኋላ፣ ጋሽ ሽፈራው ደወሉልኝ። ከቀየት ገበያ ነበር የደወሉት፤ መንደሩ ውስጥ ሆነው እኔን ማናገር አይችሉም።

«ሌላ ክምር ነደደ» አሉኝ። «አሁን የላይ ቤቶች።»

«አውጫጭኝ ተቀመጣችሁ?»

«ተቀመጥን። አለቀ።»

የማን ስም እንደወጣ አልጠየቅኩም። «ታሰው የት ነው?» አልኩ።

«ወደ ቆላው ወርዷል። የሺንና ልጆቹን ይዞ። ያን ሰዓት የት እንደነበረ የሚመሰክርለት ጠፋ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሊያበረቱ ሞከሩ። «አገሩ ግን ሰላም ነው፣ ልጄ። የደምሴ ልጅ የላይ ቤቶችን ልጅ ሊያገባ ነው። ለጥር ድግስ አለ።»

«ክምሩን የሚያቃጥለውስ ሰው?»

ከገበያው ጫጫታ ራቅ ሲሉ እርምጃቸው ተሰማኝ።

«እሱም ድግሱ ላይ ይኖራል» አሉኝ።